ውኃ ያልፈታው ቀለም

ሰኞ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 2006 ዓ.ም.፤ ካርቱም

ይህን ደብተር የገዛሁት የተማሪዎቼን ውጤት ልመዘግብበት ነበር። ሁለት ገጽ ሞልቼ ቀደድኳቸው። ለሰው የምናገረው ሌላ፣ ብቻዬን ሆኜ የማስበው ሌላ እየሆነ አስቸግሮኛል። ቢያንስ አንዱን ልጻፈው።

የአሥረኛ ክፍል ፈተና አምስት ሳምንት ቀርቶታል። ዛሬ ርዕሰ መምህሩ አቶ ወልደሥላሴ ቢሮው ጠራኝ። ዐምና በኬሚስትሪ ያገኘነው ውጤት ከሁሉም ትምህርት ያነሰ ነበር።

«ያረጋል፣ ዘንድሮም እንዲሁ ከሆነ ወላጅ ኮሚቴው ፊት ምን ብዬ ልቆም ነው?» አለኝ።

«ልጆቹ ኬሚስትሪን የሚያውቁት በወሬ ነው። ዐይተው አያውቁም» አልኩት።

«እንግዲያው አሳያቸው።»

በምን ላሳያቸው? ላቦራቶሪ የምንለው ቁም ሳጥን ነው። ብቻ በችኮላ ቃል ገባሁ፤ በዚህ ሳምንት ክሮማቶግራፊ፣ ቀለምን በወረቀት ላይ መለያየት፣ ይሠራሉ አልኩ። ወረቀት፣ ብርጭቆና ውኃ ከተገኘ ሌላ አያስፈልገውም።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 22

ከሸፈ።

ሙቀቱ አርባ አራት ገብቷል። መብራት የለም፣ ማራገቢያው ቆሟል። ውኃው ወረቀቱን ሦስት ጣት ያህል ወጣና ቀጥ አለ። ከታች የሚመጠጠውን ያህል ከላይ እየደረቀ ነው። አንዱ ቡድን የመነሻውን መስመር በእርሳስ ፋንታ በማርከር አስምሮ መስመሩ ራሱ ቀለጠ። ሌላው ነጥቡን ውኃ ውስጥ ነክሮት ብርጭቆው ጠቆረ። ሠላሳ አንድ ልጅ ሳቀብኝ። ወልደሥላሴ በመስኮት ዐይቶ አለፈ።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 24

ዕረፍት ነው። ከጧት ጀምሮ ቤቴ ውስጥ ስሞክር ዋልኩ። የማጣሪያ ወረቀቱን እንደ ሪባን ቆረጥኩ፤ ከግርጌው ሁለት ጣት ከፍ ብዬ በእርሳስ አሰመርኩ፤ በጥቁር የልጆች ማርከር አንዲት ነጥብ አኖርኩ። ወረቀቱን ብርጭቆው ውስጥ ሳንጠለጥለው ውኃው ከነጥቡ በታች እንዲቀር ተጠነቀቅሁ። ቀጥሎ በሾርባ ሳህን ከደንኩት። የረቡዕ ጥፋቴ ይሄ ነበር፤ አልከደንኩትም። ሲከደን ውስጡ በእንፋሎት ይሞላል፣ ወረቀቱም አይደርቅም።

ሩብ ሰዓት ያህል ጎንበስ ብዬ አየሁት። ጥቁሩ ተፈታ። ሰማያዊው ቀድሞ ሽቅብ ሄደ፣ ቢጫው መሐል ላይ ደከመ፣ ሮዙ ከታች ቀረ። አሥራ ስድስት ዓመት አስተምሬው ዛሬም ያስደንቀኛል። እያንዳንዱ ቀለም ወረቀቱን የሚወደውን ያህል ይዘገያል፣ ውኃውን የሚወደውን ያህል ይሄዳል። አብረው ሲኖሩ ማንም አይለያቸውም ነበር።

ከሰዓት በኋላ አርካዊት ሰፈር ሄጄ ሰው ጠየቅሁ። ሙላቷ ቤት ትንሽ ተጫወትን። ሙላቷ የተማሪዬ የልደት እናት ናት። ጧት ጧት አል-ማንሺያ አንድ ግቢ ልብስ ታጥባለች፤ ከሰዓት ቤቷ እንግዳ አይጠፋውም። ጨዋ ሴት ናት፤ «መምህር» ከማለት ሌላ ጠርታኝ አታውቅም።

ልደት ከመጋረጃው ወዲያ መጽሐፏን ዘርግታ ተቀምጣለች። ሰላም ስላት ቀና አላለችም። ተማሪ መምህሯን ቤቷ ስታይ ማፈሯ ያለ ነው።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 28

ተሳካ! በየብርጭቆው ላይ ሳህን፣ በየወረቀቱ ላይ ሦስት ቀለም። ልጆቹ ከወንበራቸው ተነሥተው እየተገፋፉ ያያሉ። «ቀለሙ የሄደውን ርቀት ውኃው ለሄደው ርቀት አካፍሉ» ስላቸው ያለማጉረምረም አካፈሉ።

ልደት ግን የራሷን እስክሪብቶ ነበር የሞከረችው። ሰማያዊው ነጥብ ካኖረችበት ንቅንቅ አላለም።

«ቲቸር፣ የኔ ለምን ማፊ? ውኃ መጣ፣ ሄደ፣ እሱ ቁጭ።»

ካርቱም ተወልዳ ያደገች ናት፤ አማርኛዋ ዐረብኛ የተቀላቀለበት ነው፤ ማፊ «የለም» ማለት ነው። ጥያቄዋ ግን የክፍሉ ሁሉ ምርጥ ነበር። የእስክሪብቶ ቀለም ቅባትነት አለው፣ ውኃ አይፈታውም፣ የማይፈታውን ደግሞ ይዞት አይሄድም አልኳት።

«ያኒ፣ ማለቴ፣ ይዞት የሚሄድ ሌላ ነገር አለ?»

«አለ። አልኮል።»

ቁም ሳጥን ውስጥ የነበረው የአልኮል ጠርሙስ ባዶ ነው። በዚህ ሙቀት ተኖ ይሆናል ብዬ ለልጆቹ ነገርኳቸው። ስለዚህ ከሰይደሊያ፣ ማለት ከመድኃኒት ቤት፣ ስፒርቶ የሚያገኝ ነገ ይዞ ይምጣ አልኳቸው። ክፍሉ ሞቅ ብሎ ነበር፤ ቀለድን፣ ሳቅን። እንዲህ ያለ ቀን ካየሁ ቆይቻለሁ።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 29

በችኮላ።

ልደት በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ገባች። ቦርሳ የላትም። ከኋላ ተቀመጠች። «ስፒርቶ ያመጣ?» አልኩ፤ ማንም። በውኃ ደገምነው። ልብ ብዬ አላየኋትም፤ ሥራ ላይ ነበርኩ።

ከምሳ በኋላ ወልደሥላሴ ጠራኝ፣ በሩን ዘጋ። ጧት ልደት ከአርካዊት በምትመጣበት ሃፍላ አውቶቡስ ላይ ፖሊስ ወጥቶ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ሲፈትሽ ቦርሳዋን ከፈቱት። የውኃ ጠርሙስ፤ ውስጡ አረቄ። ቤቷን ምሪን አሏት፣ መራች። የአረቄውን በርሜልም እናቷንም ጭነው ወሰዱ። ልጅቷን በር ላይ ትተዋት ሄዱ። የምትሄድበት ስላልነበራት ትምህርት ቤት መጣች።

«ለኬሚስትሪ ነው፣ ቲቸር አምጡ ብሎ ነው ብላለች» አለኝ።

«ስፒርቶ ነው ያልኩት። ከሰይደሊያ።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 30

ልደትን የአማርኛ መምህርቷ ለተብርሃን ቤቷ ወስዳታለች። ባሏ የሞተባት፣ ብቻዋን የምትኖር፣ ምላሷ የማይመለስ ሴት ናት። መምህራን ክፍል አገኘችኝ።

«ልጅቷ ለምን ትዋሻለች?» አለችኝ።

«አልዋሸችም። አልገባትም። አማርኛዋን ታውቂው የለም እንዴ? ከሰይደሊያ፣ ካልሆነም ከሚቀርባችሁ ነው ያልኩት። ሌላ መሰላት።»

«ትናንት ለወልደሥላሴ ‹ከሚቀርባችሁ› የሚለውን አልነገርከውም አሉ።»

«ረስቼው ነው።»

ጠመኔዋን ለቀመች። እኔ ክፍል ገብቼ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ጠመኔው ሁለት ጊዜ ከእጄ ወደቀ። ሙቀቱ ነው።

ዓርብ፣ ግንቦት 1

የምሄድበት የለኝም። ዓርብ ከሰዓት የምሄድበት ቦታ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም በሩ ታሽጓል።

ዐማራት ሰፈርን በእግሬ ዞርኩት። የመንገዶቹን ቁጥር እያነበብኩ እስከ ስድሳ አንድ ደረስኩ፤ ተመለስኩ። ጥላ ሥር ስቀመጥ እነሣለሁ፣ ስነሣ እቀመጣለሁ። አንድ ዘበኛ «ያ ኡስታዝ፣ የጠፋብህ ነገር አለ?» አለኝ።

ቤት ስገባ ለተብርሃን ትናንት ልትወጣ ስትል የወረወረችው ነገር ጆሮዬ ላይ ነበር፤ «ለመሆኑ ክዳኑ ተጠምዝዞ የተዘጋ ጠርሙስ እንዴት ነው የሚተነው?»

አይተንም። እኔ ነኝ የጠጣሁት። በጥር፣ ሙላቷ ታማ በተኛችበት ሳምንት፣ መርዝ ሊሆን እንደሚችል እያወቅሁ፣ ውኃ እየጨመርኩ ጠጣሁት። ኬሚስትሪ መምህር ነኝ።

አርካዊትም ሰው ልጠይቅ አልነበረም የምሄደው። አራት ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ፣ አንዳንዴም በመሐሉ፣ ሙላቷ ደጃፍ ላይ ስጠጣ ነው የኖርኩት። ልጅቷ ከመጋረጃው ወዲያ ሆና እኔ ጧት የሰጠኋትን የቤት ሥራ ትሠራለች፤ ከመጋረጃው ወዲህ የኔን ድምፅ ትሰማለች።

ማክሰኞ ዕለት ያልኩትንም ልጻፈው። ስፒርቶ ከሰይደሊያ አምጡ አልኩ፤ እውነት ነው። አንዱ ልጅ «ሰይደሊያ ለልጅ አይሸጥም» አለ። ያን ጊዜ ወደ ኋላ ዞሬ እሷን አየኋት። «ችግር የለም፣ ልደት አለች። እነሱ ቤት አይጠፋም» አልኩ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ደስ ብሎኝ ነበር፣ ትምህርቱ ተሳክቶልኝ ነበር፣ ምላሴ ቀደመኝ።

እሷ አልሳቀችም። «ሐዲር፣ ቲቸር» አለች። እሺ ማለቷ ነው። አማርኛዬ በደንብ ገብቷታል።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 2

ሁሉንም ለወልደሥላሴ ነገርኩት። የጠርሙሱንም። ራሱን ያዘ።

«አሁን ይህን ይዘህ ፖሊስ ጣቢያ ልትሄድ ነው?»

«ሰኞ።»

«ስማኝ። እኔ ያለሁት ከሦስት መቶ ልጅ ጋር ነው። የኛ መምህር አረቄ አስመጣ ከተባለ ነገ ይህ በር ይዘጋል። ሦስት መቶ ልጅ የት ይግባ?»

«እናትየዋስ?»

«በርሜሉ ቤቷ ነው የተገኘ። አንተ ብትሄድ ባትሄድ እሱ አይለወጥም።»

እውነቱን ነው። ይህ ነው የሚያንገበግበኝ፤ ክፉ ሰው አይደለም፣ እውነቱን ነው። በመጨረሻ «ከሄድክ የዚህ ትምህርት ቤት መምህር ሆነህ አትሄድም» አለኝ። እሺ አልኩ። እንግዲህ ፊርማዬን አላኖርኩም እንጂ ሥራዬን ለቅቄያለሁ።

ሰኞ፣ ግንቦት 4

ሄድኩ።

ጉዳዩን የያዘው መኮንን ከእኔ በዕድሜ ብዙ ያንሳል። ፊቴን፣ ኢቃማዬን፣ የያዝኩትን ቦርሳ በየተራ አየ። በዐረብኛ ነበር የተነጋገርነው።

«ኡስታዝ፣ ኬሚስትሪንና አረቄን ምን ያገናኛቸዋል?»

ከቦርሳዬ ብርጭቆ፣ የማጣሪያ ወረቀት፣ እርሳስና ከሰይደሊያ የገዛሁትን ስፒርቶ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩ። ወታደሩ ሊከለክለኝ ተንደረደረ፤ መኮንኑ በእጁ መለሰው። እስክሪብቶውን እንዲያውሰኝ ለመንኩት፤ ሰጠኝ። በእርሳስ አሰመርኩ። በእርሱ እስክሪብቶ ነጥብ ላኖር ስል እጄ እምቢ አለኝ፤ ሁለት ወረቀት አበላሸሁ። ሦስተኛውን እርሱ ራሱ አኖረልኝ። ብርጭቆውን በሻይ ሳህኑ ከደንኩት።

«አሁንስ?»

«አሁን እንጠብቃለን።»

ስልክ አነሣ፣ ወረቀት ላይ ማኅተም መታ፣ ሁለት ሰው አስገብቶ አስወጣ። እኔ ብርጭቆውን ትቼ በሩን ነው የማየው። ከበሩ ማዶ ሴቶች ይነጋገራሉ፤ የሙላቷ ድምፅ ይሆን እያልኩ አዳምጣለሁ። ሃያ ደቂቃ ያህል ሲሆን ተነሥቶ ጎንበስ አለ። ሰማያዊው ከታች ቀርቷል፤ ሐምራዊ ቀለም ከውስጡ ወጥቶ ሽቅብ ሸሽቷል።

«ይሄ እስክሪብቶዬ ውስጥ ነበር?»

«ነበር።»

«በውኃ አይሆንም?»

«በውኃ አይነቃነቅም። ልጅቷ የጠየቀችኝ ይህንኑ ነው። መልሱን ልታየው ነው ያመጣችው። እኔ ነኝ አምጪ ያልኳት።»

ወታደሩን ጠርቶ አሳየው፤ ተሳሳቁ። ለጥቂት ደቂቃ ሁሉም ነገር የሚሆን መሰለኝ።

ተመልሶ ተቀመጠ። «የልጅቷን ስም ከመዝገቡ አወጣዋለሁ» አለ። «ይሄ ትምህርት ነው፣ ገብቶኛል። ቤቷ ያገኘነው በርሜልስ ምን ትምህርት ነው?»

ወረቀቱን ከብርጭቆው አወጣሁ።

«አንተ ደግሞ እዚያ ቤት እንደሚገኝ በምን ዐወቅህ?»

«እጠጣ ነበር። በየሳምንቱ።»

በዐረብኛ ነው ያልኩት። በአማርኛ ለወልደሥላሴ ስነግረው እንኳ «አልፎ አልፎ» ብዬ ነበር። መኮንኑ እስክሪብቶውን ካነሣበት መልሶ አስቀመጠው።

«ይህን አልሰማሁም። ዕቃህን ሰብስብና ሂድ። አላህ ይምራህ።»

ሐሙስ፣ ግንቦት 7

ፍርድ ተሰጠ። አሥር ደቂቃ አልፈጀም። መናገር እችል እንደሆነ ጠየቅሁ፤ ጉዳዩ የበርሜሉ ነው፣ የጠርሙሱ አይደለም ተባልኩ። አንድ ወር እስራት። ጀርባዋ ላይ የሚያርፍ ሌላም አለ። ሌላውን ለልደት አልነገርኳትም፤ እዚህም አልጽፈውም።

ሙላቷ ስትወጣ አየችኝ። ራሷን ዝቅ አድርጋ እጅ ነሣችኝ፤ ደጃፏ ላይ ስደርስ እንደምታደርገው።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9

ወልደሥላሴ አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ ፈቀደልኝ። ስፒርቶዬን ይዤ ገባሁ። ከሥራው በፊት ግን ጠረጴዛው ፊት ቆምኩ።

«ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ በልደት ቤት ቀልጄ አሳቅኋችሁ። ያ ቀልድ ነውር ነበር። ቤቱን ያወቅሁት ሄጄ ስለምጠጣበት ነው። እሷ የታዘዘችውን ነው ያደረገችው፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ልደት፣ ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ከልጆቹ አንዷ ማልቀስ ጀመረች። ልደት ግን ፊቷ ድንጋይ ነበር። ይቅር ብዬሃለሁ አላለችም፤ አልልህምም አላለችም። ተነሥታ ብርጭቆዎቹን ማደል ጀመረች። በእስክሪብቶ ነጥብ አኖሩ፣ ከደኑ፣ ጠበቁ። ሐምራዊው ሲወጣ እንደዚያ ቀን የጮኸ የለም። የእርሷን ወረቀት ሰጥታኝ ወጣች። ስሌቱ ከነነጥቡ ልክ ነው።

ሰኞ፣ ግንቦት 18

ለተብርሃን ግቢ ያለው የኒም ዛፍ ሥር ስምንት ልጆችን አስጠናለሁ። እሷው ናት የጠራችኝ። «ደመወዝ የለውም፣ ንግግርም የለውም፤ ታስተምራለህ፣ ትሄዳለህ» አለችኝ። ልደት ከፊት ትቀመጣለች። ስለ ጨውና ስለ አሲድ ትጠይቀኛለች፤ ከዚያ ውጭ ቃል የለንም።

አሥራ ስምንት ቀን ሆነኝ አፌ ላይ ካላኖርኩ። አስቤበት የተውኩት ቢሆን ኖሮ እኮራ ነበር። መጀመሪያ ያስተወኝ የሙላቷ መታሰር ነው። ትናንት ግን ጀሬፍ ሰፈር ሌላ የአረቄ ቤት እንዳለ አንድ ሰው ነገረኝ፤ እስከ ሃፍላው ማቆሚያ ሄጄ ተመለስኩ። እየሮጥኩ ነበር የተመለስኩት ማለት ይቻላል።

ሐሙስ፣ ግንቦት 28

ፈተናው ትናንት አለቀ። ልደት ስትወጣ አጥሩ ጥግ ቆሜ ነበር። «ኬሚስትሪው?» አልኳት።

«ኮይስ፣ ጥሩ ነው። የመለያየት ጥያቄ ግን ማፊ። አንድም አልመጣም።»

ሁለታችንም ሳቅ ሊያመልጠን ነበር። አላመለጠንም።

ሰዎች ወደ ገዳሪፍ፣ አንድ የሰሊጥ መጋዘን ጽሕፈት ቤት፣ ሥራ አለ ይሉኛል። እሄዳለሁ። ሙላቷ ሳትወጣ ግን አልሄድም። አንገቷን ቀና አድርጋ ያልኩትን ሁሉ ከኔው አፍ ትስማ። የምለውን በየቀኑ እያዘጋጀሁ በየቀኑ እለውጠዋለሁ።

እሑድ፣ ሰኔ 8

ዛሬ ተፈታች።

ከልደት ጋር ወደ ኦምዱርማን ሄደን እስር ቤቱ በር ላይ ከጧት ጀምሮ ቆምን። አቧራ ሰማዩን አልብሶታል። ስትወጣ ልብሷ ሰፍቷታል። ልጇን አቅፋ ብዙ ቆየች፤ ከዚያ እኔን አየችኝ።

«መምህር፣ እርስዎም መጡ? ፈተናውን ተፈተነችልኝ?»

«ተፈትናለች። በደንብ ነው የሠራችው።»

«ተመስገን።» ወደ መንገዱ መሄድ ጀመርን። ልናገር ትንፋሼን ሳብ ሳደርግ ቀደመችኝ። «ያ ነገርስ ሠራ?»

«ምኑ?»

«ቀለሙ ነዋ። ልጄ ያን ማክሰኞ መጥታ ‹ቲቸር ለትምህርት ከኛ ፈለገ› ስትለኝ፣ እኔ እኮ ደግሜ ደጋግሜ ነው ያስነገርኳት። ከኛ? አልኳት። ከኛ፣ አለችኝ። እንግዲህ ይህ ስሸሽገው የኖርኩት ሥራ አንድ ቀን ለልጄ ትምህርት ሊውል ነው ብዬ ጠርሙሱን በሙቅ ውኃ ሦስቴ አጠብኩት። ከመጀመሪያ የወረደውን፣ ኃይለኛውን ቀዳሁላት። እሱን ለማንም አልሸጠውም። ለእርስዎም ሰጥቼዎት አላውቅም።»

ቆምኩ። አንድ ወር ያዘጋጀሁት ንግግር ጉሮሮዬ ላይ ነበር፤ ክፍሉ እንዴት እንደሳቀ፣ ያሳቅሁት እኔ እንደሆንኩ። ልደት ከእናቷ ትከሻ ወዲያ ታየኛለች። ያን ማክሰኞ ቤቷ ገብታ የሳቁን ነገር ትታ የቀረውን ብቻ ነው ለእናቷ የነገረቻት። አንዴ ራሷን በእምቢታ ነቀነቀች።

«ሐላስ፣ ቲቸር» አለች በቀስታ። ይብቃ።

ጠርሙሱ ክፍል እንዳልደረሰ ለሙላቷ ማንም አልነገራትም፤ መልስ እየጠበቀች ነው።

«ሠርቷል» አልኳት።

«ይሠራል እንጂ!» አለች ወደ ልጇ ዞራ፤ ፊቷ በርቶ። «ኃይለኛ ነው አላልኩሽም?»

ሃፍላው መጣ። የልጇን ክንድ ይዛ ቀድማ ገባች፤ ስለ አረቄው አወራረድ እያስረዳቻት።